በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ስላለው የልጄ ፎቶግራፍ

ለዓይን ሉዝ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ሊባኖስ
ኦክቶበር 30 ቀን 2018

ጉዳዩ፦ የልጄ የአርባ ማስታወቂያ፣ እርሷው ከምትስቅበት ማስታወቂያ ሥር እንዲለጠፍ ስለ መጠየቅ

ክቡር ከንቲባ፣

መርዶው የደረሰኝ ቀን ከጎረቤቶቼ ጋር ተቀምጬ አረንጓዴ ወይራ በድንጋይ እሰነጥቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ደወል ለሙት እንደሚደወለው ቀስ እያለ ሲመታ ሰማሁና «ደግሞ ማን ሞተ?» አልሁ። ጎረቤቴ ሱዓድ ድንጋዩን ከእጄ ወሰደችው። ለካ ደዋዩ እናትየዋ ቀድማ የሰማች መስሎት ኖሯል። ልጄ ታክላ ከሥራ ስትመለስ በባሕሩ ዳር መንገድ በመኪና አደጋ ሞታ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ጽሕፈት ቤትዎን ለማሳዘን አይደለም። ሐዘን የሚቀበል መስኮት እንደሌላችሁ ቆሜ አይቻለሁ። አቤቱታዬ ስለ ግድግዳ ነው።

1. በዳቦ ቤቱ ማእዘን ያለው ግድግዳ ከአያቶቻችን ጀምሮ ሙታኖቻችንን የምንለጥፍበት ነው። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው ጥቁር ጠርዝ ያለውን ወረቀት ያነባል፤ ዳቦውን ቤቱ አድርሶ ለቀብር ይመጣል። በዚህ ዓመት ግን ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳውን «የንጋት ደስታ» ለተባለው አዲስ ቤተ ክርስቲያን አከራየው። እነርሱም የልጄን ፊት ግድግዳውን በሚያክል ሸራ አትመው ሰቀሉት። አፏን ከፍታ ትስቃለች። ከሥሯ «እርሷ ደስታን አግኝታለች። እርስዎስ?» ተብሎ ተጽፏል።

2. ደስታውን እንዴት እንዳገኘችው ላስረዳ። በፋሲካ ሰሞን ጓደኛዋ ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ዝግጅት ወሰደቻት። ባለ ቀለም መብራት፣ ከበሮ፣ በማሽን የሚነፋ ጭስም ነበረ። ፓስተሩ ከጭሱ መካከል ብቅ እንዲል ታስቦ ኖሮ ጭሱ በዛበት። ታክላ ማታ ቤት ስትገባ ገና በሳቅ ሆዷን ይዛ ነበር። «እማ፣ ሰውየውን ጭሱ ዋጠው እኮ! ‹ክርስቶስ ተነ…› ይላል፣ ይስላል። ደግሞ ‹ተነ…› ይላል፣ ይስላል። ትንሣኤውን ሳንሰማ ታፍነን ልንቀበር ነበር!» ፎቶግራፉን ያነሷት እዚያው በጭሱ መካከል ስትስቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ደጃፋቸውን አልረገጠችም። ግድግዳው ላይ ወጥታ ባየሁ ጊዜ ልከስሳቸው ተነሥቼ ነበር፤ እርሷ ግን «ተዪያቸው እማ፣ ሰው መጥቶ ይሳቅ፤ ሳቅ ምን ክፋት አለው?» አለችኝ። ስለዚህ ተውሁ።

3. ሬሳዋን ይዘን ያለፍነው በዚያው መንገድ ነው፤ ወደ መቃብሩ ሌላ መንገድ የለንም። እርሷ ከላይ እየሳቀች፣ እርሷ ከታች በሳጥን ሆና አለፈች። «እርስዎስ?» የሚለውን ሁላችንም አነበብነው። የለጠፍሁትን የሙት ማስታወቂያ በማግስቱ የማዘጋጃ ቤቱ ጥበቃ አቶ ሸፊቅ አነሣው። «የታክላ እናት፣ ምን ላድርግ፣ ታዝዤ ነው። ግድግዳው ኪራይ ነው፤ ወረቀትሽ ደግሞ አገጯን ሸፈነው» አለኝ። አገጩን የወለድሁት እኔ እንደ ሆንሁ አስታወስሁት። አንገቱን ደፋ። ወረቀቱን ሳይቀድ አጥፎ ስለ ሰጠኝ አመሰግነዋለሁ።

4. ከዚያ ወደ «የንጋት ደስታ» ሄድሁ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ የተቀበለኝ ቤተ ክርስቲያን የለም። ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀምጠው ለአዲስ መጪ የሚሰጠውን ከረጢት ሰጡኝ፤ ቸኮሌትና የሻይ ኩባያ አለበት። አንዲት ደስተኛ ልጅ «እማማ፣ ስለ እኛ ከማን ሰሙ?» አለችኝ። «ከልጄ» አልኋት። «ተባረኩ! ልጅዎ ከእኛ ጋር ናት?» «ግድግዳችሁ ላይ ናት» አልኋት። ልጅቱ ቀና ብላ ጥቁር ልብሴን አየችው፤ ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። ፓስተሩ መጣና ከልቡ አዘነ፤ ይህን አልክድበትም። ሆኖም ውሉ እስከ ገና እንደሆነ፣ ይህን ፊት አይተው የመጡ ብዙዎች እንደሆኑ፣ ሞት ማስታወቂያ ላይ ሲገባ ሰው እንደሚሸሽ አስረዳኝ። ስለዚህ ልጄ ለእነርሱ ገና አልሞተችም፤ እስከ ገና ትሠራለች።

5. የራሳችን ቄስ አባ ስፒሪዶን ተቆጡልኝ። «ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን በስእለት እንጂ በሥዕል ይጠራል እንዴ!» አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን በጉልላቱ ዙሪያ የሚሰቅሉትን ሰማያዊና ቀይ መብራት አሳዩኝ፤ ወጣቱ ወደ «የንጋት ደስታ» እየፈለሰ ነውና። ስወጣም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፎቶግራፉ ከዚያ ከተነሣ ለእኛ የወጣቶች በዓል ትሰጪናለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው የሚከተለውን ነው።

መጀመሪያ ሥዕሉ ይውረድልኝ ልል ነበር። ይህን አቤቱታ ስጽፍ ግን ብዙ ቀን ፈጀሁ፤ በየቀኑም ዳቦ ልገዛ እሄዳለሁ፣ ዳቦ ባያልቅብኝም። ቤቴ ውስጥ ያሉት ፎቶግራፎቿ የመታወቂያና በሰው ሰርግ የተነሣቻቸው ናቸው፤ በሁሉም ከንፈሯን ገጥማለች። አፏን ከፍታ እንደ ቤቷ የምትስቀው እዚያ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። እባክዎ አያውርዷት። ውሉ ሲያልቅም ሸራውን ለሌላ ሳይሰጡ ለእኔ ያስረክቡኝ፤ የት እንደማደርገው አላውቅም፣ ቤቴ ይጠበዋል።

ከሥሯ ያለው ቃል ግን ይሸፈንልኝ። በእርሱ ቦታ የአርባዋን ወረቀት እንድለጥፍ፣ አቶ ሸፊቅም እንዳያነሣው ይፈቀድልኝ። ሰው ይሸሻል ብለው ለሚሰጉት ለ«የንጋት ደስታ» ሰዎች አንድ ነገር ይንገሩልኝ፦ የፊታችን እሑድ፣ በአርባዋ፣ እንደ ልማዳችን ስንዴ ቀቅዬ፣ በሮማንና በለውዝ አድርጌ በደጃፌ አቀርባለሁ። በከተማችን ለሙት ነፍስ ከተቀቀለ ስንዴ ሰው ሲሸሽ አይቼ አላውቅም። ፓስተሩም፣ ያቺ ልጅም ይምጡ። ከረጢት የለኝም፤ ወንበር አለ።

ይህ ወረቀት ከመዝገብ ቤት ጀምሮ በብዙ እጅ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። የያዛችሁት ሁሉ፣ ማኅተም ከመምታታችሁ በፊት፣ በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይሁን፣ በሆዳችሁም ቢሆን፣ «ጌታ ሆይ፣ ታክላን አሳርፋት» በሉልኝ። ብትስቁም አትቀየማችሁም።

ከሰላምታ ጋር

ናይፋ ጁርጂ ሻሊታ
የታክላ እናት
(ፊርማ)