እኔ የደፈንኳቸው አራት መስኮቶች

ሰኞ ግንቦት 4፣ ጠዋት 4፡30

ቶሎ ልጻፍ። ከእሳት አደጋ የመጣችው ተቆጣጣሪ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። የሕንፃውን ጉድጓድ ልታይ። ጉድጓድ የምንለው ከምድር እስከ አምስተኛ ፎቅ ክፍት የሆነውን መሃሉን ነው፣ እሷ አትሪየም ትለዋለች። ከሕንፃው ዲኮር ቤት የሠርግ ጭስ ማሽን አስመጣች፣ ሙሽሮች ሲገቡ የሚለቀቀውን። ምድር ላይ አስነሳነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ አምስተኛ ላይ ተኛ። የልጄ የቤዛ ጫማ ቤት ጠፋ! ታፔላው እንኳ አይታይም። ሳሏ ብቻ ይሰማኛል።

ደወሉ ጮኸ። የጣሪያው አራት የጭስ መስኮቶች በራሳቸው መከፈት ነበረባቸው። አንዱም ንቅንቅ አላለም። የእሳት ጭስ ትኩስ ስለሆነ ከዚህም ይፈጥናል አለች። የጻፈችው፦

1. መስኮቶቹ ደወል ሲጮህ ይከፈቱ
2. በየፎቁ ክፍቱን ሊዘጋ ከላይ የሚወርደው በር ሥር ዕቃ አይቀመጥ
3. ምድር ላይ ሶፋና የፕላስቲክ አበባ አይከመር

ለዓርብ ተቀጠርን። ሥ/አስኪያጁ አቶ ግርማ የመስኮቶቹ ሞተር ተቃጥሎ ነው፣ አዲስ ይገዛ አሉ። የጥገናው ሰው እኔ ነኝ፣ ግን ዝም አልኩ።

ደብተር፣ ላንተ ልንገርህ። ሞተሩ ደህና ነው። መስኮቶቹን የያዛቸው ማጣበቂያው፣ ሲሊኮኑ ነው። የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ግንቦት 5፣ ምሳ ሰዓት

የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ላይ ነው። ዝናቡ ምድር ላይ ያለው የወ/ሮ ወይንሸት ካፌ ጠረጴዛ ላይ ይንጠባጠባል። ደንበኛ ሸሸ። ወጣሁና አራቱንም መስኮት ዙሪያውን ደፈንኩ። ጠብታ ቀጥ። ተከራዩ ሁሉ አጨበጨበልኝ፣ ጃኬት ተሸለምኩ። አሁንም የለበስኩት እሱን ነው። ለምን እንደሚከፈቱ አልጠየቅኩም፣ ለአየር መስሎኝ። ቤዛ ያኔ ተማሪ ነበረች። አሁን ቀኑን ሙሉ የምትቆመው ጭሱ የሚተኛበት ቦታ ላይ ነው።

ልነግራት ወጣሁ። በደረጃ። ሰምታ ሳቀች። "አባዬ፣ ቻርጀር ንቀይ፣ መውጫ እወቂ እያልክ በየጠዋቱ ሊስት ትልክልኛለህ። ጣሪያውን አላየኸውም?" ከዛ ሳቋ ቆመ። ሞተር ሳይገዙ ንገራቸው አለች።

ለአቶ ግርማ ነገርኩ። ጃኬቴን አዩ። ከዛ እኔም አጨብጭቤልሃለሁ እኮ አሉ። ስወጣ ደረቴ ቀለለኝ።

ረቡዕ ግንቦት 6፣ 11 ሰዓት

ጣሪያ ላይ ዋልኩ። ሲሊኮኑን በካተር ፈለፈልኩ፣ በምትኩ የጠርዝ ላስቲክ፣ ጎሚኒ ገጠምኩ፤ ዝናብ ይከለክላል፣ መስኮቱን አይይዝም። ከታች የኢምፔሪያል ታክሲ ረዳቶች ጩኸት። ፀሐይ። ደስ ብሎኛል፣ ሳልፈራ ልጻፈው።

ወ/ሮ ወይንሸት ከምድር ጮኸች። "ጋሽ ተፈራ! ክረምት ደረሰ እኮ፣ ዣንጥላ ይዤ ልሸጥ ነው?" ቤዛ እኮ እላይ ናት አልኳት።  ጎንበስ ብዬ ሳይ የካፌዋን ሶፋ ራሷ ከመሃል እየገፋች ነው።

ዓርብ ግንቦት 8፣ 6 ሰዓት

የሠርጉ ማሽን እንደገና። ጭሱ አራተኛ ሲደርስ ደወል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አራተኛው ዘገየ። ተከፈተ! ጭሱ ወደ ገርጂ ሰማይ ወጣ። የቤዛ ታፔላ ፊደል በፊደል ታየኝ። ተቆጣጣሪዋ ፈረመች።

መስኮቶቹን ዘግተን ጣሪያውን በጎማ ቱቦ ውሃ አጠጣነው። አንድ ጠብታ ብቻ፣ ያችው ጠረጴዛ ላይ። ወ/ሮ ወይንሸት ብርጭቆ አስቀመጠችና ይቺን እንዳትደፍንብኝ አለች።

የወሰንኩት፦ በየወሩ መጀመሪያ አራቱንም እከፍታለሁ፣ ቆሜ እቆጥራለሁ።

ቤዛ ደግሞ ፈረደችብኝ። ሦስት ክረምት በተደፈነ ጣሪያ ሥር ለዋሉ የአምስተኛ ፎቅ ልጆች ሸክላ ጥብስ። እሺ አልኩ። ከሷ ጋር ስምንት ናቸው።

ጎሚኒው ተከፍሏል። የስምንት ሰው ጥብስ አልተከፈለም።