ባዶ የመጣው ቅጽ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ደረጃ መውጣት መውረዱን እባክሽ ተዪው። እኔ፣ ደህና ነኝ ብሎ መጻፍ ደንብ ስለሆነ ደህና ነኝ። እውነቱን ከፈለግሽ ግን ደክሞኛል፤ ሙሉ ሌሊት ከተኛሁ ሦስት ወር አለፈኝ። ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ስንት ሕፃን ተወለደ፣ ስንት እናት በወሊድ ሞተች የሚለውን ከየጤና ጣቢያው ሰብስቤ እደምራለሁ። የእህቴም ቅጽ በየወሩ በእጄ ያልፍ ነበር፤ አዋላጇ እሷ፣ ቆጣሪዋ እኔ። «ማብራሪያ» የሚለው ቦታ ላይ፣ እህት ዓለም ምሳ በልተሻል ወይ ብላ ትጽፍልኛለች። አለቃዬ ደግሞ ይሄ የምን ማብራሪያ ነው እያለ ይነጫነጭብኛል።

ከእህቴ ቀብር ተመልሼ ቢሮ የገባሁ ቀን የቅጽ ክምር ጠበቀኝ። የእሷም ጣቢያ ቅጽ በመሃሉ ነበረ፤ ባዶውን። የሚሞላው ሰው ስለሌለ ዘበኛው ማኅተሙን መትቶ፣ ቀኑ እንዳያልፍበት ልኮታል። በእኛ ቢሮ ባዶ የመጣ ቅጽ «ሰላም ነው» ይባላል፤ ዜሮ እየገባበት ያልፋል። እኔም እጄ እንደለመደው፣ በወሊድ የሞተች ዜሮ፣ በሕይወት የተወለደ ዜሮ ብዬ አስገባሁ። የማን ቅጽ እንደሆነ ልብ ያልኩት ማብራሪያው ላይ ደርሼ ምሳ በልተሻል የሚለኝ ሳጣ ነው። ያኔም አላረምኩትም። ወደሚቀጥለው ቅጽ ገለጥኩ።

ባለፈው ሳምንት የዓመቱ ድምር ወጣ። የእናቶች ሞት ቀንሷል ተብሎ አለቃዬ ሁላችንንም ሻይ ጋበዘን። ሻዩን ሳልቀምስ ተነሥቼ ሁሉን ነገርኩት። በተቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አዘነልኝና፣ ቁጥሩን ለመቀየር ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እናትሽ የፈረሙበት የሞት ወረቀት ግን የሳንባ ምች ነው የሚለው አለኝ።

እማዬ፣ አልወቅስሽም ብል ውሸቴን ነው። የሰው አፍ ፈርተሽ ነው፤ አባቱ የማይታወቅ ልጅ በቤትሽ ተወለደ እንዳይባል። ግን ያን ሁሉ ሰው ያዋለደች ልጅ፣ መጋረጃ ተጋርዶባት፣ አንድ አዋላጅ ሳይጠራላት ደሟ ፈስሶ አለቀ። እኔም አብሬሽ ዝም ብያለሁ፤ ዜሮውንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። የዓመቱ ድምር የሚወጣበት መጽሐፍ በወሩ መጨረሻ ይታተማል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ከላክኩልሽ ሁለት ወረቀቶች በመጀመሪያው ላይ እውነቱን ጽፈሽ ካልፈረምሽ፣ እህቴ በወሊድ ከሞቱት ሳትቆጠር ትቀራለች።

ሁለተኛው ወረቀት የልደት ነው። ያን ዕለት ለሕፃናት ማሳደጊያ ስጪያት ብለሽ ያስታቀፍሽኝን የእህቴን ልጅ ይዤ እስከ ማሳደጊያው በር ድረስ ሄጄ ነበር። ጣቴን ጨብጣ አለቅም አለችኝና ይዣት ተመለስኩ። አሁን አንገቷ ጸንቷል። ሌሊት ሌሊት ስታለቅስ ድምጿ ቁርጥ የእናቷን ነው፤ ጎረቤት እንኳ አታፍርም።

እናት በሚለው የእህቴን፣ አሳዳጊ በሚለው የራሴን ስም ሞልቻለሁ። የሕፃኗን ስም ግን አያቷ ታውጣላት ብዬ ባዶ ትቼዋለሁ። ባዶ ነገር እኛ ቢሮ ምን እንደሚሆን ነግሬሻለሁና አታቆዪው።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትሽንም ያጽናልኝ፣ የምታዝያት አለችና።

ትልቋ ልጅሽ