የወይዘሮ የትምወርቅ መኳንንት የሕይወት ታሪክና የጥድ አምባ የጎመን ቦታ ነገር

ዛሬ ጥር 15 ቀን 1961 ዓ.ም. ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው ወይዘሮ የትምወርቅ መኳንንት፣ ከአባታቸው ከአቶ መኳንንት ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኮከቤ ወልዴ፣ በመንዝ ምድር በጥድ አምባ ቅዱስ ሚካኤል አጥቢያ በ1903 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። ሁለተኛ መሆናቸውን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተቀበሉትም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው በቀየት ከተማ መምህር የሆነው የታላቅ ወንድማቸው የአቶ አባይነህ ልጅ ወሰኔ ነው። ሟች ደግ፣ ታታሪ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ እውነትም ነበሩ። ነገር ግን ቅናተኛ ነበሩ። ይህን የማያውቅ ሰው በዚህ ዳስ ውስጥ ስለሌለ መደበቁ ለማንም አይጠቅምም። እንዲያውም ይህች አጥቢያ ከሳቸው ያገኘችው መልካም ነገር አብዛኛው የመጣው ከዚሁ ከቅናታቸው ነው።

ትምህርታቸውን የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው። ወንድማቸው አባይነህ ቄስ ትምህርት ቤት ሲገቡ እሳቸው ሴት ናት ተብለው ቀሩ። የትምወርቅ ግን በየጧቱ በግ ጠባቂ መስለው ከትምህርት ቤቱ ካብ ጀርባ ይቀመጡ ነበር። ወንድማቸው ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው ጨርሰው ለአባታቸው ሊያሰሙ በቆሙበት ማታ፣ የሐሙሱ ላይ ሲደናቀፉ እኅታቸው ከምድጃው ዳር ሆነው አስተካከሏቸው፤ ከዚያም ሳይጠየቁ እስከ መጨረሻው አደረሱት። አባታቸው ሣቁ። አቶ አባይነህ ግን እስከ ዛሬ አልሣቁም።

በ1919 ዓ.ም. ከአቶ ገብረየሱስ ተሰማ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው በዚሁ አጥቢያ ጎጆ ወጡ። አምስት ልጆች ወልደው ሁለቱን በሕፃንነታቸው እግዚአብሔር ወሰዳቸው፤ ጌታነሽን፣ እታገኝንና አፈወርቅን አሳደጉ። ገብስ አርመው፣ በግ አርብተው፣ ከጠጉሩ ባና እና ዝተት አሠርተው በቀየት ገበያ እየሸጡ ቤታቸውን አቀኑ።

በትዳራቸው በጥቂት ዓመት ውስጥ ወይዘሮ ሸዋረጋ ከመርሐቤቴ ተድረው መጡና ቤታቸው ከእነ የትምወርቅ ቤት አጥር ለአጥር ሆነ። የትምወርቅ ዕረፍት ያጡት ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው። ሸዋረጋ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሥራቸው ኮሽታ የሌለው፣ ሰው የማያስቀይሙ ሴት ናቸው። በማኅበር የሸዋረጋ ጠላ ሲመሰገን የትምወርቅ የራሳቸውን ጠላ በሚቀጥለው ወር ሁለት ጊዜ ያጠልሉታል። ሸዋረጋ ለጥምቀት ጥልፉ ሰፊ የሆነ ቀሚስ ለብሰው ከወጡ፣ አቶ ገብረየሱስ ለፋሲካ አንድ ሙክት መሸጣቸው የማይቀር ነው። ሸዋረጋ ከሁሉ የከፋ ያደረጉት ነገር ግን ቅናቱን አለማወቃቸው፣ ወይም እንደማያውቁ መሆናቸው ነበር።

በ1950 ዓ.ም. በልግ ቀረ። የካቲትም መጋቢትም ደመና ሳያሳዩ አለፉ፤ የጎተራው ወለል ታየ፤ ገለባው ሳይቀር ለከብት አለቀ። በአጥቢያው አረንጓዴ ነገር የነበረው በሸዋረጋ ጓሮ ብቻ ነበር። ከአገራቸው ባመጡት ልማድ ከቤታቸው ጀርባ ጎመንና ድንች ይተክሉ፣ የእጅ መታጠቢያውን ውኃ ሳይቀር ያጠጡ ነበር። ችግሩ ሲጠና ሰው አንድ በአንድ በራቸው ይመጣ ጀመር፤ እሳቸውም ለመጣ ሁሉ እየቆረጡ ሰጡ።

አንድ ቀን አልጣሽ የምትባል አራስ ባዶ ቅርጫት ይዛ በመንገድ ስትመጣ የትምወርቅ ከደጃቸው ቆመው አዩዋት። ወደሳቸው የምትመጣ መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ። አልጣሽ እጅ ነስታ አለፈችና የሸዋረጋን በር አንኳኳች። ስትመለስ ቅርጫቷ ጎመን ሞልቶት ነበር። የትምወርቅ ያን ዕለት እህል አልቀመሱም። ለአቶ ገብረየሱስ የነገሩት ራሴን አሞኛል ብለው ነው፤ ያመማቸው ግን ሌላ ነበር። በተራበች አራስ በራቸው መታለፉ አንገበገባቸው፤ የሚሰጡት ነገር ቢጠየቁ እንኳ እንደሌላቸው ማወቃቸው ደግሞ ይብሱን አቃጠላቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ሰንበቴ ላይ ተነሥተው ለደብሩ አስተዳዳሪ ለመምሬ ወልደ አማኑኤል እንዲህ አሉ፦ «አባቴ፣ ከምንጩ ሥር ያለው የደብሩ መሬት ስንት ዘመኑ ጦም ሲያድር? ለአጥቢያው ይሰጠንና በጋራ ጎመን እንትከልበት። ሰው በራበው ቁጥር ለምን የሰው አጥር ያንኳኳል? ከራሱ መደብ ይቁረጥ።» የማን አጥር እንደሆነ ያልገባው አልነበረም። ሁሉም ወደ ሸዋረጋ ዞረ። ሸዋረጋ ግን «እሰይ፣ ይህ ነው የጠፋብን» ብለው ከሁሉ ቀድመው ተስማሙ። የትምወርቅ ደስታቸው እዚያው ላይ ጎደለ።

መሬቱ ተፈቀደ፤ ሥርዓትም ወጣለት። በዓል ባልሆነ ቀን ሁሉ እያንዳንዱ ቤት በተራ ይወጣል፤ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቆርጡት አራስ፣ በሽተኛና ጧሪ የሌለው ሽማግሌ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሌላው። ይህን ሥርዓት ያወጡት የትምወርቅ ናቸው። ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው።

ዘሩን ግን ከሸዋረጋ መጠየቅ ሞት መሰላቸው። ከቀየት ገበያ የጎመን ዘር ገዝተው መጡና የመንዝ ሰው ዘር እንደሚያውቀው አደረጉት፤ እንደ ገብስ በእፍኝ በተኑት፤ አቶ ገብረየሱስም በሬዎቻቸውን ጠምደው አፈሩን እየገለበጡ ቀበሩት። ሸዋረጋ ውኃ ሊቀዱ ሲያልፉ ቆም ብለው «የትምወርቅ፣ የጎመን ዘር ደቃቅ ነው፤ እንዲህ ከቀበርሽው መውጫ አያገኝም» አሏቸው። የትምወርቅም «ገብስ ያበቀለ መሬት ጎመን ያቅተዋል?» ብለው መለሱ። መሬቱን አቃተው። ዝናብ መጣ፣ ሙጃ በቀለ፣ ጎመን የሚባል ነገር ግን አልታየም። ሰው በመንገድ እያለፈ ያየው ነበር።

ሐምሌ ሲገባ የትምወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ጉዳይ የሸዋረጋን በር አንኳኩ። ሲሄዱ አንገታቸውን አቅንተው ነበር። «ለኔ አይደለም፣ ለአጥቢያው ነው» አሉ ገና ሳይቀመጡ። ሸዋረጋ ማረሚያ አንሥተው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ችግኙን ከነአፈሩ ነቅለው፣ ለዘር ያስቀመጡትን ድንች በአቁማዳ ሞልተው ሰጧቸው። ከዚያም ወርደው አተካከሉን አሳዩ። «ነግሬሽ ነበር» አላሉም። ቢሉ ኖሮ ለየትምወርቅ እንዴት በቀለላቸው ነበር።

የጎመን ቦታው ያማረ ሆነ። በመስከረም ጎመኑ ተቆረጠ፤ ድንቹም ዘግይቶ አበበ። አራሶች ቀድመው ወሰዱ፤ እንደ ሥርዓቱ። የትምወርቅ በየጧቱ ወርደው መደቡን እየዞሩ ያዩ ነበር፤ የሚሹትም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቦታው በስማቸው እንዲጠራ። ይሁንና ሰው ሁሉ «የሸዋረጋ ጎመን ደረሰ፣ የሸዋረጋ ድንች አበበ» ማለት ጀመረ። የሰንበቴውን ንግግርም፣ የመሬቱን ጥያቄም፣ ሥርዓቱንም ያስታወሰ አልተገኘም። ይህን የትምወርቅ እንደ እሾኽ ውጠው ያዙት።

በ1951 ዓ.ም. በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ አለ። መምሬ ወልደ አማኑኤል ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወጥተው ወደ ላይ አዩና «ልጆቼ፣ ዛሬ ውርጭ ይወርዳል» አሉ። በማሳ ያለውን ገብስ ማንም ሊያድነው አይችልም። ድንቹን ግን ቢያለብሱት ይተርፋል። በምን ይለበስ? ገለባ የለም። ጓሳ በሚባለው የጋራ ደጋ ያለው የክዳን ሣር ለአገር የሚበቃ ነው፤ ነገር ግን ጓሳ ያን ዓመት ዝግ ነበር፤ አባቶች ሳይከፍቱት ደፍሮ ያጨደ ምን እንደሚደርስበት የመንዝ ሰው ያውቃል። ሕዝቡ ምንጩ ዳር ቆሞ ተያየ።

በአጥቢያው አዲስ የጓሳ ሣር የነበረው በሁለት ቤት ጣራ ላይ ብቻ ነው። ሁለቱም ጓሳ በተከፈተ ጊዜ በ1949 የተከደኑ ናቸው። አንደኛው የሸዋረጋ ቤት ነው፤ ሁለተኛው የየትምወርቅ። እርግጥ ነው፣ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ሳምንት የተከደኑት በአጋጣሚ አልነበረም።

የትምወርቅ ወደ ቤታቸው ሄዱ። መሰላል አስጠግተው ወጡና ክዳኑን መንቀል ጀመሩ። ሸዋረጋ ደንግጠው እየሮጡ መጡ። «የትምወርቅ፣ ቤትሽን?» አሉ ከታች ሆነው። «ተቀበይኝ እንጂ» አሉ የትምወርቅ ከላይ። ሣሩ በእቅፍ በእቅፍ ወረደ፤ ሴቱም ወንዱም ተሸክሞ ወደ መደቡ ሮጠ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንቹ ሁሉ ለበሰ፤ ከቤቱም በአንድ በኩል ማገሩ ብቻ ቀረ። አቶ ገብረየሱስ ከቀየት ሲመለሱ ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ፤ ሰማዩን በጣራቸው በኩል ረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ምነው፣ የሰማዩስ ባለቤት ሸዋረጋ ነች ተባለ?» አሉ።

ሲነጋ የገብሱ ማሳ ተቃጥሎ ነበር፤ ድንቹ ግን ሣሩ ሲነሣለት አረንጓዴ ነው። ያ ድንች አጥቢያውን እስከሚቀጥለው በልግ አደረሰው፤ ለምጽዋትም ከጥድ አምባ ወደ ሌላ አገር የወጣ ሰው አልነበረም። የየትምወርቅ ቤተሰብ ግን ጓሳ እስኪከፈት ድረስ በቆዳና በአሮጌ ዝተት ጣራ ሥር ብርዱን ቻለ። የትምወርቅ አንድ ቀን እንኳ አላማረሩም። ስሜ አሁን ይነሣል ብለው ጠበቁ እንጂ።

ስማቸው ለጥቂት ጊዜ ተነሣ። ከዓመት በኋላ በማኅበር ላይ ያቺው አልጣሽ ልጇን አዝላ «የሸዋረጋ ድንች ነው ይህችን ልጅ ያቆየልኝ» ስትል የትምወርቅ ጽዋውን ከአፋቸው መለሱ። ሰው ክፉ ሆኖ አልነበረም፤ አፉ ለምዶት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ዘመናቸው ፍጻሜ ቦታውን «ከምንጩ ሥር ያለው» ሲሉት ኖሩ እንጂ በሌላ ስም አልጠሩትም። ሥራቸውንም አልተዉም፤ ተራቸው ባልሆነበት ቀን ሳይቀር ወርደው ይኮተኩቱ ነበር።

ባለፈው ሰኔ በሆዳቸው ሕመም ተያዙ። ደብረ ብርሃን ወርደው ታከሙ፣ ጠበልም ተጠመቁ፣ አልተሻላቸውም። በመጨረሻዎቹ ወራት ሲመገቡ የነበረው ሸዋረጋ ቀቅለው የሚያመጡላቸውን ድንች ነው። «ከማን መደብ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሸዋረጋም «ካንቺው» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ይበላሉ። ኑዛዜያቸውን ለመምሬ ወልደ አማኑኤል ከተናዘዙ በኋላ ልጆቻቸውን ጠርተው የቀብራቸው ቀን ከቀየት ገበያ ጋር እንዳይገጥም አደራ አሉ፤ ሰው እንዳይቀንስባቸው ነው። ጥር 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ጧት በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ዛሬ ገበያ አይደለም፤ ሰውም አልቀነሰም።

ከኋላቸው ባለቤታቸው አቶ ገብረየሱስ ተሰማ፣ ልጆቻቸው ጌታነሽ፣ እታገኝና አፈወርቅ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ታላቅ ወንድማቸው አቶ አባይነህ መኳንንት ቀርተዋል። ወይዘሮ ሸዋረጋም ስማቸው ከቤተሰቡ ጋር እንዲነበብ ጠይቀዋል፤ ቤተሰቡም ፈቅዷል።

አንድ ነገር ይቀራል። ጓሳ ዘንድሮም ዝግ ነው፤ ዳሱ በምን እንደሚከደን ትናንት ሲመከር ወይዘሮ ሸዋረጋ መሰላል አስጠግተው የገዛ ጣራቸው ላይ ወጡ። አሁን ከፀሐይ ያስጠለለን ሣር የሳቸው ቤት ክዳን ነው። ሲወርዱ ለጸሐፊው የነገሩትን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ይነበብ ባሉት መሠረት፣ እንዳሉት አስፍሮታል፦ «ያን ዕለት የኔም ጣራ እንደሷው አዲስ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት፤ ሣሳሁለት። እሷ ወጣች፣ እኔ ከታች ቆሜ ተቀበልኩ። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ስቀናባት ኖርኩ፤ አንድ ቀን አልነገርኳትም። ቦታው የየትምወርቅ ነው። የየትምወርቅ ጎመን ቦታ በሉት።»

አክስታችን ይህን ቢሰሙ መጀመሪያ ቀና ብለው የዳሱን ክዳን ያዩ ነበር፤ ቀጥሎም «ሙሉውን ጎን ነው ወይስ ግማሹን?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ግማሹን ነው፣ እትዬ። ሙሉውን የነቀሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

የተራበውን ማብላት የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ብርድ በማይነካው ማደሪያም ያኑርልን። አሜን።