ከጀርባዬ ማን እንዳለ ስለመግለጽ

ለተከበሩ የመዝገብና የማኅደር መሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤና ይስጥልኝ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ዝቅ ማለቴን ግን ሁሉንም ለአክብሮት እንዳይቆጥሩልኝ አደራ፤ ግማሹ ቀና ማለት ስላቃተኝ ነው። እርስዎስ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብ ደህና? የአንገትዎ ነገር እንዴት ሆነ? ጥያቄዬ ከአንገት በላይ እንዳይመስልዎ፤ አንገቴ ከታመመ ወዲህ ከአንገት በላይ የሆነ ነገር ሁሉ ይከብደኛል።

ምናልባት ማን እንደሆንኩ በውል ካላስታወሱኝ፣ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ያረጁ የልደት መዝገቦችን ወደ አዲስ መዝገብ በእጄ የምገለብጠው ጸሐፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ስቀጠር ቀጥ ያልኩ ስለነበርኩ ባልደረቦቼ ቃለ አጋኖ ይሉኝ ነበር፤ የዛሬዎቹ ወጣቶች ደግሞ እትዬ ጥያቄ ምልክት ይሉኛል። ከሥርዓተ ነጥብ አልወጣሁም፣ ተመስገን ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት፣ በግል የጻፍኩልዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ምን እንዳመጣብኝ ስላየሁ ነው። በግል ስጽፍ ርዕሱ ብቻ ከተነበበልኝ፣ በሰው ፊት ብጽፍ ምናልባት እስከ መጨረሻው ይነበብልኝ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌአለሁ። ነገሩን እንደ መሥሪያ ቤታችን ወግ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ወንበሬ ላመስግንዎ። መደገፊያው ከተገነጠለ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የተገነጠለውም የመሥሪያ ቤታችን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አምፖል ሊቀይርልኝ ወጥቶበት ነው። አምፖሉ ስለበራ ወንበሩ መደገፊያ እንደሌለው ጥርት ብሎ ይታየኛል። ከአራቱ እግሮቹ አንዱ አጥሮ ስለሚያወላውል አንድ ወረቀት አጣጥፈን ከሥሩ ወትፈንበታል፤ ወረቀቱም ከአምስት ዓመት በፊት ለንብረት ክፍል ሞልቼ ልኬ የመለሱልኝ የጥገና መጠየቂያ ቅጽ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ምላሽ ባያገኝም ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ጠረጴዛው ደግሞ ከአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት በስጦታ የመጣ በመሆኑ ከጉልበቴ ብዙም አይርቅም። ጎኑ ላይ የተሳለችው ጥንቸል አሁንም አልደበዘዘችም፤ ጎንበስ ብዬ ስለምጽፍ ከእሷ ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየን እንውላለን።

፪. ቅጹ ከተመለሰልኝ በኋላ ዝም አይነቅዝም ብዬ አምስት ዓመት ዝም አልኩ። እንደተባለውም ዝምታዬ አልነቀዘም፤ የነቀዘው የወንበሩ እግር ነው። አንገቴን ማመም ሲጀምረኝ ብርድ ነው አልኩ። ሲብስብኝ ትራሴ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ትራስ ቀየርኩ፤ ትራሱ ምስኪን ምንም አላጠፋም። ከዚያ ሕመሙ ወደ ትከሻዬ፣ ከትከሻዬ ወደ ክንዴ ወረደና የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ፈቃድ ሳይሞሉ እረፍት መውጣት ጀመሩ። ይህንንም ቢሆን ችዬው እኖር ነበር።

ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች አራት ወሯ ነው። እኔም አያት ሆኛለሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ ይበሉኝ። ባለፈው ወር ሕፃኑን አዝዬ ላስተኛው ብዬ ጎንበስ ስል አንገቴን አንዳች ነገር ወጋኝ፣ ጣቶቼም ማዘያውን መጨበጥ ተሳናቸው። ልጄ ከኋላዬ ሮጣ ቀለበችው፤ ከዚያም በቀስታ፣ እማዬ ተይው በቃ፣ እንዳይወድቅብን አለችኝ። ክፉ አልተናገረችም። ግን ወገቤን! በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ሕፃን ከነእናቱ ስም፣ ከነተወለደበት ሰዓት መዝግቤ ሳበቃ፣ የራሴን የልጅ ልጅ ማዘል ቢያቅተኝ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ልጄ የወሊድ ፈቃዷንና ያጠራቀመችውን የዓመት ዕረፍት ጨርሳ ወደ ሥራ ልትመለስ አንድ ወር ቀርቷታል፤ ልጁን የምይዘው እኔ ነኝ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። ከእኔ በቀር ሰው የላትም።

፫. በማግሥቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። የተመደበችልኝ ፊዚዮቴራፒስት በዕድሜ ልጄን የምታክል፣ እጇ ግን የአናጺ እጅ የሆነ ልጅ ናት። ሥራ ላይ እንዴት እንደምቀመጥ አሳዪኝ ብትለኝ ጎንበስ አልኩላት፤ እሷም ሳልነግራት ጸሐፊ መሆኔን አወቀች። ጭንቅላት ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ አምስት ኪሎ ገደማ ቢመዝን ነው፣ ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር ግን በአንገት ላይ የሚያርፈው ጫና እጥፍ ድርብ ይሆናል ብላ አስረዳችኝ። ይኸው እኔ ለሃያ ሁለት ዓመት የተሸከምኩትን ሳላውቅ ኖሬአለሁ። መድኃኒቱም፣ እግርን መሬት አስረግጦ ወገብን በሚደግፍ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ጠረጴዛውን እስከ ክርን ከፍ ማድረግ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ብድግ ብሎ መንጠራራት ነው አለችኝ። ይህ ካልሆነ ድንዛዜው ወደ መላ እጄ ሊዛመት እንደሚችልም አልደበቀችኝም። ከዚያም ለመሥሪያ ቤቴ የሚሆን ወረቀት ጻፈችልኝ፤ ቃሉም እንዲህ ይላል፦ «ታካሚዋ የአቋም ችግር አለባት። አቋሟን ማስተካከልና ወንበር መቀየር ያስፈልጋታል።»

እኔም ሞኟ፣ ስለ ሰውነት አቋም የተጻፈ ነው ብዬ ከማመልከቻዬ ጋር አያያዝኩት።

፬. ማመልከቻዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረች፤ ርዕሷም «የወንበር ለውጥ እንዲደረግ ስለመጠየቅ» ይላል። ማን እንደነገረኝ አልናገርም፣ ግድግዳም ጆሮ አለው፤ ነገር ግን ርዕሱን እንዳነበቡ በሩን ዘግተው ውኃ እንደጠየቁ፣ ከዚያም የማንን ወንበር ነው እሷ የምትለው ብለው ሁለት ጊዜ እንደደጋገሙ ሰምቻለሁ። ቀጥለው የሐኪሟን ወረቀት ሲያነቡ ደግሞ፣ አቋሟ ችግር እንዳለበት በሕክምና ሳይቀር ተረጋግጧል ብለዋል አሉ። በሦስተኛው ቀን፣ ወንበር የሚገኘው በሹመት እንጂ በማመልከቻ አለመሆኑን የሚያስገነዝብ ደብዳቤ ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ ወንበር ከንብረት ክፍል የሚገኝ ይመስለኝ ነበር።

፭. የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ስላቀረቡኝም አመሰግናለሁ። ሦስቱ አባላት በጥሩ ጥሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው እኔን አንድ ሰዓት ሙሉ አቁመውኛል፤ ሐኪሟ ከመቀመጥ ተነሺ ብላኝ ስለነበር እግዜር ይስጣቸው ብያለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው አቋሜ ምን እንደሆነ ነበር። ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ወደ ቀኝም ትንሽ ጋደል ያለ መሆኑን በታማኝነት አስረዳሁ። ሰብሳቢው ከመቼ ጀምሮ ብለው ደነገጡ። ሁለተኛው፣ ደጋፊዎቼን እንድገልጽ ጠየቁኝ። ደጋፊ ከተለየኝ ስድስት ዓመቴ መሆኑን፣ ችግሬም እሱ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሦስተኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አይዞሽ አትፍሪ፣ ከጀርባሽ ማን አለ አሉኝ። ከጀርባዬ ማንም ምንም የለም፣ ባዶ ነው፣ ካላመናችሁ ምድር ቤት ወርዳችሁ እዩት አልኳቸው። አንዳቸውም አልወረዱም። በቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ደጋፊዋ ከስድስት ዓመት በፊት መሰበሩን አምናለች» ተብሎ ሰፍሯል፤ እውነት ነው፣ ፈርሜበታለሁ።

፮. ማን ሰበረው ብለው ሲጠይቁኝ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው በማለቴ፣ ምስኪኑ ሰውዬ ተጠርቶ ደጋፊዬን ለምን እንደሰበረና ማን እንዳዘዘው ሲመረመር አርፍዷል። ይኸው እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። አምፖሌም ባለፈው ሳምንት ተቃጥሏል፤ የሚቀይርልኝ የለም።

፯. በመጨረሻም፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ አቋሜን ካላስተካከልኩ ከሥራ እንደምሰናበት የሚገልጸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዎ ደርሶኛል። ዛሬ ሃያ አንደኛው ቀን ነው። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ከእርስዎ ጋር አንዳች ልዩነት እንደሌለን ሕዝብ ይወቅልኝ! ሐኪሟ አቋምሽን አስተካክዪ አለች፤ እርስዎም አስተካክዪ አሉ፤ እኔም ላስተካክል ዝግጁ ነኝ። ሦስት ሰው እንዲህ በአንድ ቃል ተስማምቶ አያውቅም። የጎደለችው አንዲት ወንበር ብቻ ናት።

እንግዲህ ነገሬን ላጠቃልል። እኔ የእርስዎን ወንበር አልተመኘሁም፤ ብመኘውስ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በየትኛው ወገቤ እወጣለሁ? የምጠይቀው መደገፊያ ያለው፣ አራት እግሩ እኩል የሆነ ተራ ወንበርና ጥንቸል የሌለበት ጠረጴዛ ነው። የቀሩኝን ዘጠኝ መዛግብት ጽፌ መጨረስ እፈልጋለሁ፤ ጽሕፈቴ አሁንም የሚያምር ነው፣ ጣቶቼ ሲፈቅዱልኝ። ጡረታ ልወጣ ሦስት ዓመት ስለቀረኝ ወንበሩን ለረጅም ጊዜ ይዤ የመቆየት ሐሳብም የለኝም፤ ይህንን በተለይ እንዲያሰምሩበት እለምናለሁ።

ኮሚቴው የጠየቀኝን ያንን ጥያቄ ግን ሳስበው ሰንብቻለሁ። ያን ዕለት ደንግጬ ማንም የለም ብዬ መለስኩ እንጂ፣ መልሱ ሙሉ አልነበረም። አሁን በአደባባይ እሞላዋለሁ። ከጀርባዬ ሊኖር የሚገባው አንድ ሰው አለ። ዕድሜው አራት ወር ነው። ገና ጥርስ አላበቀለም፣ የማንም ወንበር አያምረውም፣ ራሱን ችሎም መቀመጥ አልጀመረም። ከጀርባዬ እንዲሆን የምፈልገው እሱን ብቻ ነው፤ እሱም እስካሁን እዚያ አልወጣም፣ እንዳይወድቅ ተፈርቶ።

ጎንበስ ቀና እያልኩ፣ ማለትም ጎንበሱን እኔ ችዬው ቀናውን እርስዎ እንዲያደርጉልኝ እየለመንኩ፣ ለሥራዎ መቃናትን፣ ለቤትዎ ሰላምን፣ ለአከርካሪዎ ጽናትን ከሚመኙ ታዛዥ ሠራተኞችዎ መካከል በቁመት የመጨረሻዋ የሆንኩት፣

የምድር ቤት መዝገብ ጸሐፊ
(እትዬ ጥያቄ ምልክት)

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው፣ ተነሥተው ቆመው እንዲያነቡት፤
ለንብረት ክፍል፣ ከወንበሬ እግር ሥር ካለው ቅጽ ጋር እንዲያያይዙት፤
ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ከይቅርታ ጋር።

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሰሞኑን አንገትዎ ላይ ያሰሩትን ነጭ መደገፊያ አይቼ አዝኛለሁ። በኮሪደሩ ሳያዩኝ ሲያልፉ ኩራት መስሎኝ አምቼዎት ነበር፤ አንገት የተፈጠረው ዞሮ ለማየት ነው፣ የእርስዎ ግን መዞር አቅቶት ኖሯል፣ አፉ ይበሉኝ። ለካስ ሐኪማችንም አንዲት ናት! ባለፈው ማክሰኞ ከመጋረጃው ወዲያ የነበሩት እርስዎ ነበሩ፣ ከመጋረጃው ወዲህ የነበርኩት እኔ ነበርኩ። አንገቴ ይታመም እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። ልጅቷ፣ ይህ ወንበር ለእርስዎ ከልክ በላይ ትልቅ ነው፣ ውጦዎታል፣ ከእሱ ላይ ካልተነሡ አይሻልዎትም ስትልዎ ሰምቻለሁ፤ እርስዎም እሺ ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ኮሚቴው እሷን የሚጠራት ከሆነ ግን በጊዜ ይንገሩኝ፤ ወንበር ስለማይሰጧት ከጎኗ እቆማለሁ።