ጀይሉና ልጁ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
የካቲት 2006 ዓ.ም.

ለሩቁ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ይህን መጠየቅ እንደማይገባኝ አውቃለሁ። ግን ደብዳቤ ያለ ሰላምታ መጀመር አልለመድኩም፤ ካንተ ጋር ደግሞ ከእንግዲህ አዲስ ነገር አልለምድም። እኔ ደህና ነኝ። እናትህ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ሱቅ ይውላሉ። አባትህም ያው ናቸው። አለቃዬ ፈቃደም ያው ፈቃደ ነው፤ የስቲከር መቁረጫው ሲበላሽ እኔ ላይ ይጮሃል፣ ሲሠራ ደግሞ ማሽኑን ያመሰግናል።

ካሱ ተመልሷል። ከሞያሌ አብሮህ የወጣው ካሱ፣ ከምዕራብ ዓባያ ድረስ መጥቶ ለአባትህ ነገራቸው። ልጅዎን ታንዛኒያ ጫካ ውስጥ ትኩሳት ያዘው፣ መራመድ አቃተው፣ ደላላው ተነሱ ሲለን ዛፍ ሥር ትተነው ሄድን አለ። ያኔ ይተነፍስ ነበር፣ ውሃም ትቼለታለሁ ብሎ ማለ። እኔ ሱቃችሁ ውስጥ ጨርቅ የምመርጥ መስዬ ቆሜ ሰማሁት። ምን ብዬ ላልቅስ? ለመንደሩ እኔ የስቲከሯ ልጅ ነኝ፤ ከሐዘንተኛ ጋር የምቀመጥበት ስም የለኝም። አባትህ ሶላት አሰገዱ፣ ሰደቃ አወጡ። እናትህ ግን ሳላየው አላምንም፣ ለቅሶም አልቀመጥም አሉ።

ከዚያ አንድ ቀን አባትህ ጠሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የኔ ልጅ፣ መስታወቱ ላይ ‹ና ልጁ› የሚለውን አንሺልኝ፣ ‹ጀይሉ የጨርቃ ጨርቅ መደብር› ይበቃል አሉ። ገበያተኛው ሁሉ ልጁስ የት ሄደ እያለ ይጠይቀኛል፣ መመለስ ደከመኝ አሉኝ። ዛሬ መብራት የለም፣ ነገ ምላጭ አልቋል እያልኩ አዘገየሁ። ለመላጥ መብራት ምን ያደርጋል? ፀሐይ ይበቃል፣ እሱ ደግሞ ለከተማችን ሞልቷታል። ፈቃደ ነቃብኝና አንቺ ካልሄድሽ እኔ ሄጄ እፍቀዋለሁ አለኝ። የሱን አፋፋቅ ታውቀዋለህ፣ መስታወት አይተርፈውም። ሄድኩ።

የለጠፍንበትን ቀን ታስታውሳለህ? አባትህ ‹ና ልጁ› ያሰኙት እንዳትሄድባቸው ነበር፤ ስሙ የሚያስርህ መስሏቸው። እኔ ከውጭ፣ አንተ ከውስጥ። የሳሙና ውሃ ረጭቼ ፊደሎቹን በጠፍጣፋው ፕላስቲክ እየገፋሁ ስጫን፣ አንተ ከወዲያ በኩል መዳፍህን መስታወቱ ላይ አድርገህ እጄን ትከተለው ነበር። ጀ ላይ፣ ይ ላይ፣ ሉ ላይ። ና ላይ ስንደርስ ሳቄ መጣና ውስጡ አየር ቀረ። ፈቃደ አረፋውን አይቶ ሲጮህ፣ ይቆይ፣ ሌላ ቀን መጥታ ታስተካክለዋለች አልከው። ላስተካክል እያልኩ ስንቴ እንደመጣሁ አንተ ታውቃለህ። አረፋው ግን እዚያው ነበር።

ከመጨረሻው ጀመርኩ። ፀሐዩ ስቲከሩን አድርቆት ጁ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተሰባበረ ወጣ። እናትህ ውስጥ ተቀምጠው የፊደሎቹን ጥላ ወለሉ ላይ ያዩ ነበር። ማንበብ አይችሉም፣ ጥላውን ግን ያውቁታል። የል ጥላ ሲጠፋ ቀና ብለው ምን ቀረ አሉኝ። ና ቀርቷል አልኳቸው። ያልኩት የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሳቸው ግን ቀድመውኝ ገብቷቸዋል። እሱንማ በስልክ ስንለው ከረምን እኮ አሉ፣ አልመጣም። ከዚያ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። ካሱ ከመጣ ወዲህ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ እጄ እምቢ አለኝ። ለአባትህ፣ ና ጠንክሯል፣ ከነካሁት መስታወቱ ይጫራል ብዬ ዋሸሁ። ትክ ብለው አዩኝና ይሁን አሉ።

ሱቃችሁ ‹ጀይሉና› ሆኖ ሰነበተ። የባጃጅ ሹፌሮቹ፣ ጀይሉና ማን? እያሉ ይቀልዳሉ። አንዱማ፣ ጋሼ፣ መስታወትዎ አንቱታ አያውቅም፣ ‹ጀይሉ፣ ና› ነው የሚልዎት ብሎ መንገደኛውን አሳቀ። አባትህም አብረው ሳቁ። ሳቃቸውን ባላየሁ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ረፋዱ ላይ ራሳቸው ፈቃደ ቤት መጡ። አልገቡም፣ በር ላይ አስጠሩኝ። ከኪሳቸው የጨርቅ መጠቅለያ ላስቲክ አወጡ፤ ና ላዩ ላይ ተለጥፏል፣ ሳይቀደድ፣ ሳይሰበር። በሙቅ ጨርቅ እያባበልኩ አነሳሁት አሉ። ጠንክሯል ያልኩትን! የምገባበት ጠፋኝ። መስታወቱ የኔ ነው፣ ይሄ ግን ያንቺ ነው ብለው ሰጡኝ። አረፋው የነበረበት ቦታ ተሸብሽቧል። እሱን በአውራ ጣታቸው ነካ አድርገው ሄዱ።

አሁን መስታወቱ ንጹሕ ነው። ከአባትህ ስም ቀጥሎ ባዶ ቦታ አለ። የቀረውን ጽሑፍ ላጠጋው እችል ነበር፣ አልጠየቁኝም።

ይህን ደብዳቤ የት እንደምልከው አላውቅም። ነፍስ ይማር ልጽፍ ነበር፣ አልወጣልኝም። ስለዚህ ያለህበት ዛፍ ጥላው አይራቅብህ፣ ውሃህም አይጉደልብህ። እንደ ድሮው እህትህ ብዬ እፈርማለሁ። ሰው ያነበዋል ብዬ ፈርቼ አይደለም፤ ሌላ የምፈርምበት አልተሰጠኝም። አባትህ የሰጡኝን ከፊርማዬ ሥር ለጥፌዋለሁ። በፕላስቲኩ ደህና አድርጌ ስለተጫንኩት፣ በዚህኛው ውስጥ አየር አልቀረም።

እህትህ

ና