የአጸደ መዝሙርና የተለወጠው አዝማች

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

አራተኛው መዝሙር ላይ አቆምኩ። ከዚያ ወዲያ መስማት አልቻልኩም። ማስታወሻዬ ሆይ፣ በንዴት ነው የምጽፈው፤ ታገሺኝ።

እስከ ሦስተኛው ድረስ ሥራዬን በሥርዓት እየሠራሁ ነበር። ለሰንበት ትምህርት ቤታችን መጽሔት የዝማሬ ዳሰሳ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ በዚህ እትም ተራው የዘማሪ ምናለ አዲስ አልበም ነው። ምናለ የከተማችን የሐይቅ ልጅ፤ ከእኛው መዘምራን ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ፤ ከተማው የሚኮራበት።

የመጀመሪያው፦ ግጥሙ ደኅና፣ ኪቦርዱ የበዛ። ሁለተኛው፦ እልልታው የተለጠፈ ነው። አንዲት ሴት እልል ትላለች፤ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። ጥቂት ስንኝ ቆይቶ ያቺው ሴት፣ ያው እልልታ፣ ያው የትንፋሽ ማጠር። ሰው ያልነበረበትን ቤት በሰው ድምፅ መሙላት ሐሰት ነው ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛው ስለ እመቤታችን፤ መልካም ነው፤ መልካምነቱንም አልሸሸግኩም።

አራተኛው ከእኛው መዘምራን የአጸደ ድርሰት ነው። የአጸደ! ሽፋኑ ግን «ግጥምና ዜማ፦ ዘማሪ ምናለ» ይላል።

ቃሉንም ለውጦታል። እኛ የምናውቀው አዝማች፦ «እኔ ከደጅ ቆሜ፣ ድምፄ ይግባልህ።» የእሱ፦ «ደጅህን አልፌ ገባሁ፣ ድምፄን ሰማኸኝ።»

ልመናውን ፉከራ አደረገው። ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ፣ የመምህራን ማረፊያ

ቁጣ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ የማስታውሰውን በቅደም ተከተል።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የግሸን ማርያም ንግሥ ማግስት። ከተራራው የተመለሱ ምእመናን አውቶቡሶቻቸውን ሐይቅ ከተማ አቆሙና በእግራቸው ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሄዱ። ወንዶቹ ገቡ። ሴቶቹ እንደ ገዳሙ ሥርዓት ከበሩ ቀሩ። ከሩቅ የመጡት ይህን አያውቁም ኖሯል፤ አንዲት አሮጊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አጸደ እንግዶቹን አስከትላ የሄደች አስተናጋጅ ነበረች። አብራቸው ቆመች።

አመሻሹ ላይ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ግቢ ለእንግዶቹ የዝማሬ ጉባኤ አዘጋጅተናል። መሪው ምናለ። ገና ሲጀምር መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ዝም፣ ድምፅ ማጉያው ዝም። ምናለ ማይኩን እንደ ጨበጠ ቀረ። ሕዝቡ መነሣት ጀመረ።

አጸደ ከበሮውን አነገተች። ማንም ሰምቶት የማያውቀውን አዝማች አወጣች፤ ቀን በር ላይ ቆማ ያሰበችው ነው። ዜማው አምባሰል። ሠርግ ቤት የምሰማው ያ ቅኝት ጸሎት ሲሆን ያን ጊዜ ገና ሰማሁ። እኛ ዘንድ አንዱ ያወጣል፣ ሕዝብ ይቀበላል፤ መጀመሪያ የተቀበሉት ያለቀሱት አሮጊት ነበሩ፣ ብቻቸውን፣ በሻከረ ድምፅ። ቀጥሎ ሴቶቹ ሁሉ። ቀጥሎ ግቢው። ምናለም ተቀበለ! ሲያጨበጭብ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ጉባኤ ታደምኩ፤ ስንት ውድ መሣሪያ አየሁ። ያንን የሚያህል አልሰማሁም።

ይህን እየጻፍኩ የታሪክ መምህሩ ሰይድ ምን አገኘሽ አለኝ። ነገርኩት። ያን ቀን እሱና ጓደኞቹ ከአጥሩ ውጭ ሆነው ሰምተዋል፤ አዝማቹን እስከ ዛሬ ያውቀዋል። የምናለን ቃል ሳነብለት ሻዩ ትን አለው።

«ገባሁ ካለ ምን አየ? ይንገረና! ወላሂ ሰብልዬ፣ እኛ እንኳ ከአጥር ውጭ ሆነን ‹ይግባልህ› ስንል ነበር።»

ሳቅኩ። ከዚያ ንዴቱ ብሶ ተመለሰ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ወደ አጸደ የልብስ ስፌት ሱቅ ሄድኩ። የደንብ ልብስ እየሰፋች ነው፤ እግሯን ከስፌት መኪናው ላይ አላነሣችም። አልበሙን አልሰማችም። ለምን አልኳት። ስሰማው የእኔ ነው ማለት ያምረኛል አለች።

ስሟን ልጽፍ ፈቃድ ጠየቅኩ። ከለከለችኝ። በሰ/ት/ቤታችን መዝሙር የደረሰ ሰው ስሙ አይጠራም፤ ውዳሴ ከንቱን ስለምንፈራ። ይህን ለታናናሾቼ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ አሳምሬ አውቀዋለሁ። የሌላ ሰው ስም ተጽፎበት እያየን ማለፍ ሐሰት ነው ብዬ ተከራከርኩ። በጥርሷ ክር እየበጠሰች፦

«ስሜን ብትጽፊ አልቀየምሽም የኔ እናት። አላነጋግርሽም እንጂ።»

ማስታወሻዬ ሆይ፣ በማን ልቆጣ? ሥርዓቱ ለትሕትና የተሠራ ነው። ነገር ግን አንዱ ስሙን እየጻፈ ሌላዋ ስትተው፣ ሥርዓቱ የሚጠቅመው የጻፈውን ነው። ትሕትና ከአንድ ወገን ብቻ ሲጠየቅ ምን ተብሎ ይጠራል?

ስሟን አልጽፍም። ቃሉ መለወጡን ግን እጽፋለሁ። እሱን ማንም አልከለከለኝም።

ኅዳር 7፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

የመጽሔቱ ኃላፊ ወንድም ጌታሁን ጽሑፌን መለሰልኝ። ስለ አራተኛው መዝሙር የጻፍኩት አንቀጽ በሙሉ ተሠርዟል። እልልታውም ተሠርዟል። የቀረው ለሦስተኛው መዝሙር የሰጠሁት ምስጋና ነው! ከፍ ብሎ ርእስ ሆኗል።

ምክንያቱ፦ ምናለ በሚመጣው እሑድ እዚህ ሊዘምር ይመጣል። ጌታሁን፣ እኅት ሰብለ፣ እንግዳ እንዲህ ነው የምንቀበለው? አለኝ። ዳሰሳ ዳሰሳ ነው፣ ችሎት አይደለም ብሎ ቀጠለ። ደግሞስ መዝሙር የእግዚአብሔር ነው፤ ማን ደረሰው ምን ይሠራል?

የእግዚአብሔር ከሆነ የምናለ ስም ሽፋኑ ላይ ምን ይሠራል አልኩት። ሰዓቱን አየ። ሁልጊዜ ሰዓቱን ያያል።

ጽሑፌን ከእጁ ወሰድኩ። ያለ አንቀጹ አይታተምም።

ስወጣ ታዳጊዎቹ ልጃገረዶች ልምምድ ላይ ናቸው። ለእሑዱ ጉባኤ። «ደጅህን አልፌ ገባሁ።» ማንም የሚያርማቸው የለም። ሁለት ዓመት ቆይቶ የቀድሞውን ቃል የሚያስታውስ ልጅ አይኖርም። አሁን የሚያስፈራኝ ይህ ነው እንጂ የሽፋኑ ስም አይደለም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

ምናለን አገኘሁት። ከንግሡ በኋላ፣ ሰው ከቦት። አንቺ ትንሿ ሰብለ! ብሎ አቀፈኝ። እንደ ድሮው ደግ ነው፤ ይህም ያናድዳል።

አዝማቹን ለምን እንደ ለወጠ በሰው ፊት ጠየቅኩት። አልደነገጠም።

«እኔ ወንድ ነኝ፣ እገባለሁ። ገብቼ ሳለሁ ‹ቆሜ› ብዬ ልዋሽ?»

ሰዉ ሳቀ። ቀጠለም፦ እሱ ባይዘምረው ከሐይቅ ውጭ ማን ይሰማው ነበር? ይህ ግማሹ እውነት ነው፤ እውነቱን አልክድም።

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። መልሱ የመጣልኝ መንገድ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ነው፦ ከበሩ ቆመህ የማታውቅ ከሆነ መዝሙሩ መቼ የአንተ ሆነ? ጮክ ብዬ ተናግሬው ኖሯል፤ ሾፌሩ ዞሮ አየኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

አጸደ ደወለች። ቶሎ ነይ፤ ሌላ ቃል የለም። ደረስኩ። ሱቋ በልጃገረዶች ተሞልቷል፤ ጨርቅ ላይ የተቀመጠ፣ ሣጥን ላይ የወጣ።

ለካ ከልምምድ ሲመለሱ በሱቋ ደጃፍ እየዘመሩ አልፈዋል። ሰማች። ሳትፈልግ ሰማች። የስፌት መኪናዋን አቁማ ወጣችና ጠርታ አስገባቻቸው። እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም፤ እጇ ላይ የጣት ቆቧ እንዳለ ነው።

«ሴቶች ልጆች እኮ ናቸው! የት ነው የገቡት? ማነው ያስገባቸው?»

አንዷ፣ ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው የሚለው እትዬ፣ አለቻት። አጸደ ወረቀቱን አላየችም። እግሯን እየመታች አዝማቹን አወጣች፣ በቀድሞው ቃል፣ በአምባሰል፣ ቀስ ብላ። ልጆቹ ተቀበሉ። መጀመሪያ እየተሳሳቁ። በኋላ ሳቁ ቀረ።

ማን ደረሰው ብለው ጠየቋት። እኔን አየች፤ ዓይኗ አስጠነቀቀኝ። በር ላይ ቆማ የነበረች ሴት አለቻቸው። ከዚያ በላይ ምንም።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ነገ ምን እናድርግ አልኩ። መድረክ ላይ ወጥቼ ልናገር? ተቆጣችኝ። ጉባኤ መረበሽ ነውር ነው፤ ስሟም አይነሣም። አዝማች መቀበል ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም አለች። ሰው የሚያውቀውን ይቀበላል።

ነገሩ ሲገባኝ ቁጭ አልኩ።

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ጉባኤው ሊጀመር ነው። ጠዋት ከቅዳሴ ስንወጣ በቀድሞው ቃል እንዲቀበሉ ለሴቶቹ ነገርናቸው፤ መብራት በጠፋበት ዕለት ለነበሩት ሁሉ። ማስረዳት አላስፈለገም። አንዷ ቃሉን ከአፌ ነጥቃ ጨረሰችው። ሰይድም ሰምቷል፤ ከአጥሩ ውጭ ቦታዬን እይዛለሁ ብሎ ላከብኝ።

ጌታሁን ከመጽሔቱ ያስወጣኝ ይሆናል። ያስወጣኝ። ዳሰሳዬም አይታተም። ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልጸለይኩም። ብቻ አሁን የሚሄድበትን ያውቃል።

ነጠላዬን ለብሻለሁ። አጸደ ከውጭ እየጠራችኝ ነው። የምንቀመጠው ከፊት አይደለም፣ ከሕዝቡ መካከል ነው። ምናለ ኪቦርዱን ያስተካክል፣ ማይኩን ይያዝ፣ እንደ ወደደ ያውጣ።

የምንቀበለው እኛ ነን።