በሹመትሽ ቀን ለምን እንደተነሣሁ

ውድ ልጄ ቶዌራ፣

ይህን የሚጽፍልኝ ምሶዎያ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ቤት የሰው ደብዳቤ ሲያመላልስ የኖረው ጎረቤታችን። «የተከበሩ ቄስ ቶዌራ ሉሃንጋ» ብሎ ሊጀምር ሲል እጁን ያዝኩት።

«ሰውዬ፣ ልጅቷ ቄስ ሆናለች እኮ!» አለኝ።

«ላንተ ቄስ ናት። ለኔ ማንጎ ልትሰርቅ ወጥታ ከዛፍ የወደቀች ልጅ ናት።»

«የወደቀችው ከኔ ዛፍ ነው፤ ማንጎውም የኔ ነበር» አለ። ይህንንም ጻፍ አልኩት፤ ጻፈው።

ቶዌራ፣ አንቺ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ቺሉምባ ከወረድሽ ወዲህ እናትሽ አላናገረችኝም። የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሲማውን ታቀርባለች፣ እጄን ታስታጥበኛለች፣ ቃል ግን ከአፏ አይወጣም። ስለኔ አንቺ ያሰብሽውን ነው እሷም የምታስበው። መንደሩም እንደዚያው። መንደሩ የፈለገውን ያስብ። ያንቺ ግን እንቅልፍ ነሣኝ።

ያን እሑድ ከፊት አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። የለበስኩት ኮት የምሶዎያ ነበር፤ ብብቱ ስር ይጠበኛል። አንቺ ጥቁሩን ቀሚስ ለብሰሽ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመሻል። የሲኖዶሱ ሰብሳቢ ወደ ሕዝቡ ዞረና «በዚህች እህታችን ሕይወትም ሆነ ትምህርት ላይ ነቀፋ የሚያውቅ ካለ ተነሥቶ ይናገር» አለ። ዝም ተባለ። ደገመው። ዝም። ሊሠልስ ነው።

እኛ ወንዶቹ ተቀምጠን በምንዳኝበት በምፓላው ጥላ ስር እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስለ አንድ ሰው ነውር ሦስት ጊዜ ተጠይቆ የሚመልስ ከጠፋ፣ ዝምታው እዳ ይሆንበታል። አባት ተነሥቶ «ልጄን አውቀዋለሁ፤ ነውር የለበትም» ማለት አለበት። እኔ በሰው በሬ በተጠረጠርኩ ጊዜ አባቴ በታመመ እግሩ ተነሥቶልኛል። ታዲያ እኔ ደግሞ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አይናገርም። «ይሄ ሁሉ ፍየሌን ሊበላ የመጣ ሰው ምነው አፉን ለጎመ?» አልኩ በልቤ። በቤተ ክርስቲያን ዝምታው መልካም ምስክር መሆኑን ከየት ልወቅ? እኔ የተጠመቅሁት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ነው፤ ሰው ሲሾም አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛውን ሲጠይቅ ተነሣሁ።

ከኋላ አንዲት ሴት «ወይኔ! ሽማግሌው አደረገው!» ብላ ጮኸች። እናትሽ የኮቴን ጫፍ ይዛ፣ «የቶዌራ አባት፣ ተቀመጥ! በፈጣሪ፣ ዛሬን እንኳ ተዋት!» አለችኝ። ምን አደረግኋት ልላት ስል፣ አንቺ ዞርሽ።

ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር፤ ለቁጣ እኔም ቁጣ አላጣም። አንቺ ግን ዐይንሽን ጨፈንሽ። ልጅ ሳለሽ በትር ሳነሣብሽ እንደምትጨፍኚው። ጨፍነሽ ጠበቅሽኝ።

ያኔ ነው የታወሰኝ። ወደ ሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ልትሄጂ ስትሰናበቺ፣ በምፓላው ወንዶች ሁሉ ፊት፣ «ወንድ አልቆ ነው ሴት ቄስ የምትሆነው? እጅ በሚጭኑባት ቀን እዚያው ቆሜ እከለክላለሁ!» ብዬሽ ነበር። ወንዶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። የተናገርኩት እኔ ረስቼዋለሁ። አንቺ ግን ያን ሁሉ ዓመት ተሸክመሽው ተምረሻል።

ሰብሳቢው «አባቴ፣ ነቀፋ አለዎት?» ሲለኝ ራሴን ግራና ቀኝ ነቅንቄ ተቀመጥሁ። እጅ ሲጭኑብሽ አላየሁም፤ ጫማዬን ነበር የማየው። እጅሽን ዘርግተሽ የመጀመሪያውን ቡራኬ ስትሰጪ ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ደፋ። የኔ ቀድሞ የተደፋ ነው።

በግብዣው ላይ ያ ምላሰኛ ዝጋምቦ፣ «አያ ሉሃንጋ፣ ምነው ዝም አልክ? ፍየሉን ነው ወይስ ተቃውሞህን ነው የዋጥከው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በሌላ ቀን ቢሆን ከዘራዬ ይመልስለት ነበር።

መኪናሽ ሊነሣ ሲል ደግሞ፣ ያን ነጭ የቄስ ኮሌታ አድርገሽ፣ እንደ አገራችን ልጆች በጉልበትሽ ተንበረከክሽልኝ። «አባዬ፣ ምን ልትል ነበር?» አልሽኝ። «ምንም። ወገቤን አሞኝ ነው» አልኩሽ። ወገቤ ደህና ነበር። ሰው «ኩራቱ እራቱ» ይለኛል፤ ያን ማታ ግን ኩራቴም አላጠገበኝም።

ልል የነበረውን አሁን ስሚው።

እኅቴን፣ አክስትሽን የቀበርን ዕለት፣ ወንዙ ሞልቶ ቄሱ መሻገር አቃተው። ጉድጓዱን ዝናቡ ሞላው። ወንዶቹ «ነገ ይሁን» ብለን ጣራ ስር ተጠለልን። ብለን ነው ያልኩት፤ እኔ ወንድሟ እዚያው ጣራ ስር ነበርኩ። አንቺ፣ ገና ተማሪ፣ ባልዲ አንሥተሽ መቃብሩ ውስጥ ገባሽ። «አክስቴን ውኃ ላይ አላስተኛትም» አልሽና ትቀጂ ጀመር። እኛም አፍረን ወጣን። ከዚያ እስከ ጉልበትሽ በጭቃ እንደተለወስሽ ጸለይሽ። እንዲያ ያለ ጸሎት ሰምቼ አላውቅም። እኔ የሾምኩሽ ያን ዕለት ነው፤ ሲኖዶሱ ዘግይቶ ነው የደረሰ። ግን አልነገርኩሽም። አባት ለልጁ «ተሸነፍኩ» ይላል እንዴ?

ምሶዎያ መጻፉን ትቶ ዐይኑን እየጠረገ ነው። ጢስ ነው ይላል። እሳት አልነደደም።

ቶዌራ፣ በምፓላችን ሕግ በጓዳ የተነገረ ምስክርነት አይያዝም፤ በሰው ፊት መሆን አለበት። ስለዚህ ደብዳቤው ብቻውን አይበቃኝም። የመጀመሪያውን ቅዱስ ቁርባን በምትሰጪበት እሑድ ወደ ቺሉምባ እወርዳለሁ። እናትሽም ትመጣለች፤ ይህ ከመታሸጉ በፊት ምሶዎያ ያነብላታል፣ ያኔ ምናልባት ታናግረኝ ይሆናል። ምእመናንሽ ፊት ቆሜ አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ፦ «ልጄን አውቃታለሁ፤ ነውር የለባትም።» ከዚያ እንጀራውን ከእጅሽ ልቀበል እሰለፋለሁ።

ሦስት ጊዜ መጠየቅ አያስፈልግሽም። ስነሣ ስታዪኝ ብቻ፣ ልጄ፣ ዐይንሽን አትጨፍኚ።

አባትሽ ዌድሰን ሉሃንጋ
ቀለም የነካው አውራ ጣት የራሴ ነው።